የታይታኒየሙን ልብ ቪዲዮ ለላካችሁልኝ ሁሉ

 

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ቪዲዮ ተጥለቅልቋል። ከአዳማም፣ ከዱባይም፣ ከሚኒሶታም ተልኮልኛል። ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ ሰው ነው የላከልኝ። ከታይታኒየም የተሠራ ሰው ሠራሽ ልብ ያሳያል። ከሥሩ የጻፋችሁትም ተመሳሳይ ነው። «ቲቸር፣ ያኔ በጠመኔ የሳሉልን ልብ ይኸው በብረት ተሠራ!» «ጋሼ፣ እኛ አገር መቼ ይሆን የሚመጣው?» «ዓለም ልብ ይሠራል፣ እኛ ቁጭ ብለን እናያለን።»

ላይክ አድርጌ ማለፍ እችል ነበር። ግን ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር ጊዜ አያጣም፤ ስለዚህ መልስ ልስጣችሁ። መልሴ የማይጥማችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። «መቼ ይመጣልናል?» የሚለው ጥያቄ የተሳሳተ ነው። አሰላ ላይ ቁጭ ብሎ ቪዲዮውን ለሚያይ ሰው ትክክለኛው ጥያቄ «የልጆቻችን ልብ እንዲህ እስኪበላሽ ድረስ ማን ዝም አለ?» የሚለው ነው። ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። እሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ለሥራው የሚገባውን ክብር እንስጥ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1982 አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ባርኒ ክላርክ ለተባለ የጥርስ ሐኪም ጃርቪክ 7 የሚሉት ሰው ሠራሽ ልብ ተገጠመለት። በቱቦ ከትልቅ የአየር መጭመቂያ ማሽን ጋር ተያይዞ 112 ቀን ኖረ። አሁን የላካችሁልኝ፣ ባይቫኮር የሚባለው፣ የሚንቀሳቀስ አካሉ አንድ ብቻ ነው። እሱም በማግኔት ኃይል ተንሳፎ ስለሚሽከረከር ከሌላ አካል ጋር አይፋተግም። በጁላይ 2024 ሂዩስተን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ደረት ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሲድኒ ውስጥ የተገጠመለት አውስትራሊያዊ ከ100 ቀን በላይ በእሱ ኖረ፤ ከሆስፒታልም ወጣ፤ በማርች 2025 ደግሞ የለጋሽ ልብ ተተካለት። እኔ ይህን ሳነብ እንደ ልጅ ነው የተደሰትኩት። የሰው ልጅ አእምሮ ያስደንቃል።

ነገር ግን «የለጋሽ ልብ ተተካለት» የምትለዋን ደግማችሁ አንብቧት። ማሽኑ ለጊዜው ድልድይ ነው፤ ከድልድዩ ማዶ የሚጠብቀው የሌላ ሰው ልብ ነው። እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ሁላችንም ኮርተናል፤ መኩራትም ይገባናል። ኩላሊት ግን ሁለት ነው፤ ወንድም ለወንድሙ አንዱን ሰጥቶ በሌላው ይኖራል። ልብ አንድ ነው፤ የሚገኘው ከሞተ ሰው ብቻ ነው። የልብ ንቅለ ተከላ የሌለበት አገር ድልድዩን ብቻ ቢገዛ ተሻግሮ የት ይደርሳል? በዚያ ላይ ከማሽኑ የሚወጣው ሽቦ ቆዳ በስቶ ውጭ ካለው መቆጣጠሪያና ባትሪ ጋር ይገናኛል፤ ባትሪው ደግሞ ሳያልቅ መቀየርና መሞላት አለበት። አሰላ ላይ መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እንግዲህ ደብተር አውጡ። (የኋላ ወንበር ላይ ያላችሁ፣ እያየኋችሁ ነው።)

እኛ አካባቢ የወጣት ልብ በብዛት የሚበላሸው በምንድነው? በስብ አይደለም፣ በሲጋራም አይደለም። በጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የምትባል ባክቴሪያ የልጅ ጉሮሮ ውስጥ ትገባለች። ሰውነት ይዋጋታል፣ ልጁም ይሻለዋል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ ግን ባክቴሪያዋን ሊያጠቃ የተዘጋጀው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን አካል ያጠቃል። መጀመሪያ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። ይህም ያልፋል። የማያልፈው በልብ ቫልቮች ላይ የሚቀረው ጠባሳ ነው። ጉሮሮው በተመለሰ ቁጥር ጠባሳው ይወፍራል። በመጨረሻ ቫልቩ ወይ አይከፈትም ወይ አይዘጋም። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ደጋው እንምጣ። ብርድ ነው፤ ቤተሰብ እሳት ዳር ተጠጋግቶ ይተኛል። ከገጠር የመጣው ተማሪ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ስንቁን ከቤት አምጥቶ፣ ሦስት ሆነው አንድ ፍራሽ ላይ ያድራሉ። ባክቴሪያዋ ከዚህ የተሻለ ምን ትፈልጋለች? ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው «ቶንሲል ነው» ይባልና ይታሻል፣ ወይም እንጥሉ ይቆረጣል። ጉልበቱ ሲያብጥ «ብርድ መታው» ይባላል። ሮጦ ሲደክመው ደግሞ «ሰነፍ» ይባላል።

«ሰነፍ» ያለው እኔ ነኝ።

ከሳጉሬ ወገን የመጣ፣ ዝም ያለ ልጅ ነበር። ስሙን አልጽፍም። የክፍል ኃላፊው ነበርኩ። የትምህርት ቤት ውድድር ቀን ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርስ ቆመ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይተነፍሳል። እኔ ከሁሉም ፊት ጮክ ብዬ «የኃይሌ አገር ልጅ ሆነህ ሁለት ዙር አቃተህ?» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። እዚህ አገር ሩጫ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ኃይሌ ገብረሥላሴን ያበቀለች አሰላ፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያበቀለች በቆጂ። ዓለም የአርሲን ልብ የሚያውቀው በሩጫ ነው። ሌላውን የአርሲ ልብ ግን እኛም አላየነውም።

ከወራት በኋላ አባቱ ፈቃድ ሊጠይቁ መጡ። የልጁ እግር አብጧል፣ ተጋድሞ መተኛት አቅቶታል። አዲስ አበባ ተወሰደ። ቫልቩ ተበላሽቷል ተባለ፤ ተራ ተያዘለት። ተራው ሳይደርስ ክረምት ላይ ሞተ።

ለቅሶ ሄድኩ። አባቱ አጠገቤ ተቀምጠው ያለምንም ምሬት አጫወቱኝ። ትንሽ ሳለ ጉሮሮው ይመላለስበት ነበር፣ እንጥሉን አስቆረጥንለት። ከዚያ ጉልበቱን አመመው፣ ብርድ ነው አልን። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ወስደነው መርፌው የለም፣ ሌላ ጊዜ ኑ ተባልን፤ ከዚያ በኋላ አዝመራ ደረሰና አልተመለስንም። እኔን ደግሞ አመሰገኑኝ። ልጁ ስለ እኔ መልካም ነገር ብቻ ነበር የነገራቸው።

እንግዲህ እኔ ማነኝ? በየዓመቱ የልብን አራት ክፍሎች በባለቀለም ጠመኔ እየሳልኩ፣ ቫልቮቹን በስማቸው እያስጠራሁ፣ በፈተና ላይ «የሚትራል ቫልቭ ተግባር ምንድነው?» ብዬ አምስት ማርክ የምሰጥ ሰው ነኝ። የተበላሸ ሚትራል ቫልቭ ፊቴ ቆሞ ሲያለከልክ ግን አላወቅኩትም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሌላውን ስወቅስ ራሴን አስቀድሜ ነው።

ሁለተኛዋ ተማሪዬ በሕይወት አለች። ይህን እንድጽፍም ፈቅዳልኛለች። አንድ ቀን ፈተና እየፈተንኩ ክፍሉ ጸጥ ሲል «ታክ፣ ታክ፣ ታክ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ይህን ሰዓት ይዞ የገባው ማነው?» ብዬ በየወንበሩ መዞር ጀመርኩ። እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔ ነኝ» አለች። የተገጠመላት ቫልቭ ነበር የሚንኳኳው።

ሰው ሠራሽ ልብ መቼ ይመጣል ያላችሁኝ፣ ቢያንስ አንዱ ክፍሉ ከመጣ ቆይቷል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ሐኪሙ አልበርት ስታርና መሐንዲሱ ሎውል ኤድዋርድስ ለታማሚ አበቁት። እኛ አገር ደግሞ ዶ/ር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን መሠረቱ፤ ብዙ ዓመት ለፍተው፣ ለምነው፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። መጀመሪያ በውጭ በጎ ፈቃደኞች፣ ኋላም በራሳችን ባለሙያዎች እጅ ስንት ልጅ ደረቱ ተከፍቶ ተፈወሰ! ተራ የሚጠብቁት ግን ዛሬም በሺዎች ናቸው።

ይቺ ልጅ ተራው ደርሷት ዳነች። ታዲያ ታሪኩ በዚያ አለቀ? አላለቀም። የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ደሙ ቫልቩ ላይ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ካነሰ ደሙ ይረጋል፤ ቫልቩ ሊቆለፍ፣ ወይም የረጋው ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ከበዛ ደግሞ ያስደማል። ስለዚህ አይ ኤን አር የሚሉት የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል። ጎመን እንኳ መጠኑን ያዛባል፤ በጾም ወራት ጎመን በዝቶ በፋሲካ ሲቀር፣ የደሟ መጠን ይለዋወጣል። ልጅ ልውለድ ብትል መድኃኒቱ ለፅንሱ አደገኛ ስለሆነ ሳትፀንስ በፊት ከሐኪም ጋር መምከር አለባት። እሷ ለምርመራው ስንት ጊዜ አዲስ አበባ እንደተመላለሰች ለመቁጠር ሰልችቷታል። አንድ ሰሞን መድኃኒቱ ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ስልክ ስንደውል ውለናል፤ በመጨረሻ ከአዳማ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ተላከልን።

ወዳጆቼ፣ የታይታኒየሙ ልብም ደም ማቅጠኛ ይፈልጋል። ለአንዲት የሳንቲም ያህል ቫልቭ መድኃኒትና ምርመራ ሳይቋረጥ ማቅረብ ካቃተን ሙሉውን ልብ ምን ልናደርገው ነው?

«ታዲያ መፍትሔው ምንድነው?» ትሉኝ ይሆናል። መፍትሔው ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይባላል። በባክቴሪያው የመጣ የጉሮሮ ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ በፔኒሲሊን ከታከመ ቀጣዩን ጣጣ መከላከል ይቻላል። አንዴ በሽታው ለነካው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ አንድ መርፌ፣ ለዓመታት። ጎረቤታችን ኡጋንዳ ውስጥ በሽታው ገና በጅምሩ የተገኘባቸውን ልጆች ለሁለት ከፍለው ለሁለት ዓመት ተከታተሏቸው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። መርፌው በየአራት ሳምንቱ ከተሰጣቸው 399 ልጆች የባሰባቸው 3 ብቻ ናቸው። ካልተሰጣቸው 400 ልጆች ግን 33 ናቸው። ይህ ሙከራ የተሠራው አፍሪካ ውስጥ፣ በእኛው ዓይነት ልጆች ላይ ነው። ይህን ቪዲዮ ግን አንድም ሰው አልላከልኝም።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በተለያዩ ክልሎች ከ3200 በላይ ተማሪዎችን በልብ አልትራሳውንድ መርምሮ ከ1000 ልጅ 19 ገደማ ላይ በሽታውን አግኝቷል። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት በዓይነ ልቦናችሁ ሳሉና ቁጠሩት። ኢትዮጵያም ባለችበት፣ በ14 አገሮች 3343 ሕሙማንን በመዘገበው ጥናት ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶው 17ቱ ገደማ ሞተዋል፤ የሟቾቹ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ገደማ ነበር። ሃያ ስምንት! ገና ጎጆ የሚወጣበት ዕድሜ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሟችሁ ልምጣ። አንዱ ሐኪም የሆነ ተማሪዬ ከወዲሁ «ጋሼ፣ ሁለቱም ያስፈልጋል፤ የታመመውን ትተን መከላከል ብቻ አንልም» ብሎኛል። እውነቱን ነው። ቫልቩ ለተበላሸ ልጅ «ድሮ መርፌ ብትወጋ ኖሮ» ማለት ግፍ ነው። የልብ ማዕከሎች ይብዙ፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ይሠልጥን። እዚሁ አዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአፍሪካ ኅብረት በተጠራው ስብሰባ ይህን በሽታ ከአፍሪካ ለማጥፋት የተባሉት ሰባት እርምጃዎች ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ የሕሙማን መዝገብ፣ የፔኒሲሊን አቅርቦት፣ የእናቶች ክትትል፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከላት። ሰነዱ የተጠራው በከተማችን ስም ነው፤ የአዲስ አበባ መግለጫ ይባላል። አሥር ዓመት ሞላው። እኔ የምለው ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል ብቻ ሲወለወል አይኖርም ነው። በየዓመቱ አዲስ ታማሚ እየተጨመረ ተራው አያልቅም።

ሌላው «ድሃ ስለሆንን ነው» ይላል። መርፌው እኮ ርካሽ ነው! እንዲያውም አንዱ ችግሩ ርካሽነቱ ነው። ትርፉ ትንሽ ስለሆነ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው፤ በዓለም ገበያም በየጊዜው ይጠፋል። ለዚህ ነው አስቀድሞ ማዘዝና ማከማቸት የሚያስፈልገው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚህ በሽታ ውሳኔ አሳልፏል። የጎደለው ሰነድ አይደለም፤ ማክሰኞ ጠዋት መደርደሪያው ላይ የሚገኝ ብልቃጥ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ያ መርፌ ሰው ይገድላል» የሚል ነው። ይህን ፍርሃት ከወላጅም ከባለሙያም ሰምቻለሁ፤ ልናፌዝበትም አይገባም። ከባድ አለርጂ አለ፣ ግን ብርቅ ነው፤ ጤና ተቋም ሊዘጋጅበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባወጣው ምክር ደግሞ ልባቸው በጣም የተጎዳ ሕሙማን መርፌውን ከወሰዱ በኋላ የደረሱ አንዳንድ ሞቶች ከአለርጂ ይልቅ ከልቡ ድካም ጋር የተያያዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለእንዲህ ዓይነቶቹ በእንክብል መስጠት ይመረጣል ብሏል። ስለዚህ መልሱ ልጁን ከመርፌው ማስቀረት አይደለም፤ ልቡን መርምሮ የሚስማማውን መስጠት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችን። ፌስቡክ ላይ ፊቱ ያበጠ ሕፃን ፎቶ ከባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር ሲለጠፍ እናለቅሳለን፣ እንልካለን። ኢትዮጵያዊ ሩኅሩኅ ነው፤ ይህን አትተዉ። ግን ከስንት ዓመት በፊት ያ ሕፃን ጉሮሮውን አሞት ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ ፎቶ ያነሳው የለም። ያኔ ያልወጣው ጥቂት ብር ነው ዛሬ መቶ ሺዎች ሆኖ የሚለመነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁን በግልጽ ልንገራችሁ።

መምህራን የሆናችሁ ተማሪዎቼ፦ ስፖርት ላይ የሚደክመውን፣ በቁርጥማት የሚቀረውን ልጅ አትሳለቁበት። ወላጁን ጥሩ። እኔ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ጠይቁ፤ «ከዚህ በፊት ጉሮሮህን አሞህ ያውቃል? መገጣጠሚያህ አብጦ ያውቃል?»

ወላጆች፦ ጉሮሮ ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም፤ አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው። ግን ትኩሳት ያለው፣ ሲውጥ የሚያመው፣ ጉንፋንና ሳል የሌለው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እንጥል መቁረጥ ልብን አያድንም። በቢላው የሚመጣው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው።

ጤና ላይ የምትሠሩ፦ መርፌው ያለበት ልጅ ስሙ መዝገብ ላይ ይኑር፤ በቀጠሮው ሲቀር ማንም ይደውልለት። ለክትባት የቀረ ሕፃን ቤት ድረስ የሚሄድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያለን ሕዝብ ነን። ለዚህስ ምን ያቅተናል? አይ ኤን አር መለኪያው ደግሞ በጣት ደም የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አለው። ታማሚው ለአንድ ጠብታ ደም አዲስ አበባ ድረስ ለምን ይንገላታል?

ውጭ ያላችሁ፦ ቪዲዮ መላክ አታቁሙ፣ ደስ ይለኛል። አብራችሁ ግን የተወለዳችሁበት ወረዳ ጤና ጣቢያ ደውላችሁ «ቤንዛቲን አለ? ለስንት ወር ይበቃል?» በሉልኝ። መልሱን እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ። የሰው ስም አትጥሩ፤ ወረዳውንና መልሱን ብቻ። ከመቶ ወረዳ መቶ መልስ ብንሰበስብ ይዘነው የምንሄድበት ቦታ አይጠፋም።

ቪዲዮውን ለዚያችም ልጅ አሳይቻት ነበር። እስከ መጨረሻው አየችና «ቲቸር፣ ይሄ ድምፅ አለው?» አለችኝ። እንደ እሷ ቫልቭ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ስለሌለው አይንኳኳም አልኳት። ትንሽ አሰበችና «የእኔ ይሻለኛል፤ ሌሊት ስነቃ እየሰማሁት እንዳለሁ አውቃለሁ» ብላ ሳቀች። ቀጥላ ደግሞ የሚቀጥለው ወር ዋርፋሪን ተገኝቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አዳማ ያላችሁ፣ ካገኛችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።

ሼር ማድረግ ይቻላል። ቸር ያሰንብተን።